ቦታ ወይስ ቅጥያ፦ የዓረፍተ ነገር አወቃቀርና የቃላት ቅደም ተከተል በእንግሊዝኛና በኡዝቤክኛ

መግቢያ

ኡዝቤክኛ በቱርኪክ የቋንቋ ቤተሰብ ውስጥ የካርሉክ ቅርንጫፍ አባል ሲሆን የቅርብ ዘመዱ ኡይጉርኛ ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ በኢንዶ አውሮፓዊ ቤተሰብ ሥር ከጀርማናዊ ቋንቋዎች ይመደባል። በዝምድና የማይገናኙት እነዚህ ሁለት ቋንቋዎች በዛሬይቱ ኡዝቤኪስታን በየዕለቱ ይገናኛሉ። የኡዝቤክኛ የመንግሥት ቋንቋነት በሕግ የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ የፕሬዚዳንት ውሳኔ መሠረት ደግሞ የውጭ ቋንቋ፣ በተለይም እንግሊዝኛ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ ተደርጓል። በዚህም ምክንያት አንድ የኡዝቤክ ሕፃን ገና ፊደል በሚቆጥርበት ዕድሜ ከአፍ መፍቻ ቋንቋው እጅግ የተለየ የቃላት አሰላለፍ ያጋጥመዋል።

ልዩነቱ ብዙ ጊዜ በአጭሩ የሚገለጸው «በእንግሊዝኛ ግሱ መካከል ላይ፣ በኡዝቤክኛ መጨረሻ ላይ ይውላል» በሚል ነው። አነጋገሩ እውነት ቢሆንም ዋናውን ነገር አይነካም። ይህ ጽሑፍ የሚያሳየው የሁለቱ ቋንቋዎች መሠረታዊ ልዩነት ቅደም ተከተሉ ከሚሠራው ሥራ ላይ መሆኑን ነው። በእንግሊዝኛ የቃሉ ቦታ «ማን ምን አደረገ» የሚለውን ይናገራል። በኡዝቤክኛ ይህን የሚናገረው ቅጥያ ስለሆነ፣ ቦታው ነጻ ወጥቶ «ከተነገረው ውስጥ ዋናው የቱ ነው» የሚለውን ያመለክታል። አማርኛም ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ የሚያውል ቋንቋ በመሆኑ ለንጽጽሩ እንደ ሦስተኛ ምስክር እየተጠራ ይቀርባል። ኡዝቤክኛ በላቲንና በሲሪሊክ ፊደላት የሚጻፍ ቢሆንም የሁለቱም ቋንቋዎች ምሳሌዎች እዚህ በድምፃቸው መሠረት በግዕዝ ፊደል ተጽፈዋል።

መሠረታዊው ቅደም ተከተል

«ተማሪው መምህሩን አየው» የሚለው ሐሳብ በሁለቱ ቋንቋዎች እንደሚከተለው ይነገራል።

እንግሊዝኛ፦ ዘ ስቱደንት ሶው ዘ ቲቸር (ተማሪው – አየ – መምህሩ)።
ኡዝቤክኛ፦ ታላባ ሙአሊምኒ ኮርዲ (ተማሪ – መምህር-ን – አየ)።

እንግሊዝኛው ባለቤት፣ ግስ፣ ተሳቢ የሚለውን፣ ኡዝቤክኛው ደግሞ ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ግስ የሚለውን ቅደም ተከተል ይከተላል። ከዓለም ቋንቋዎች አብዛኞቹ ከእነዚህ ከሁለቱ በአንዱ የሚጠቀሙ ናቸው። የአማርኛ አንባቢ የኡዝቤክኛውን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ሲመለከት ከራሱ ቋንቋ ጋር አንድ ሆኖ ያገኘዋል። የተሳቢው ምልክት እንኳ በድምፅ መቀራረቡ ያስገርማል፤ የኡዝቤክኛው «ኒ» እና የአማርኛው «ን» ሁለቱም ከስሙ መጨረሻ ይለጠፋሉ። ይሁን እንጂ ይህ የድምፅ መመሳሰል አጋጣሚ ነው እንጂ የዘር ዝምድና ማስረጃ አይደለም።

ቦታ ወይስ ቅጥያ

የሁለቱ ቋንቋዎች ልዩነት ጎልቶ የሚወጣው የቃላቱ ቦታ ሲቀያየር ነው። በእንግሊዝኛው «ስቱደንት» እና «ቲቸር» ቦታ ቢለዋወጡ «ዘ ቲቸር ሶው ዘ ስቱደንት» ይሆናል፤ አሁን ያየው መምህሩ፣ የታየው ተማሪው ነው። ከቃላቱ አንድም አልተጨመረም፤ አንድም አልጎደለም። የተለወጠው ቦታ ብቻ ሲሆን ድርጊቱ ግን ተገልብጧል።

በኡዝቤክኛ «ሙአሊምኒ ታላባ ኮርዲ» ቢባል ያየው አሁንም ተማሪው ነው። «ሙአሊም» የትም ቢሄድ «ኒ»ን ይዞ ስለሚሄድ ተሳቢነቱ አይጠፋም። አማርኛም «መምህሩን ተማሪው አየው» ሲል እንዲሁ ነው። በኡዝቤክኛ ስሞች ከ«ኒ» በተጨማሪ ሌሎች ሙያ አመልካች ቅጥያዎችን ይይዛሉ፤ «ኒንግ» ባለንብረትን፣ «ጋ» መድረሻን፣ «ዳ» መገኛን፣ «ዳን» መነሻን ያሳያሉ። «ቶሽኬንትጋ» ወደ ታሽከንት፣ «ቶሽኬንትዳ» በታሽከንት፣ «ቶሽኬንትዳን» ከታሽከንት ማለት ነው። እያንዳንዱ ስም ሙያውን በላዩ ላይ ስለሚሸከም የተቀመጠበት ወንበር ሙያውን አይወስንም። በእንግሊዝኛ ግን ወንበሩ ራሱ ሙያ ነው፤ ከግሱ በፊት የተቀመጠ ባለቤት፣ ከግሱ በኋላ የተቀመጠ ተሳቢ ይሆናል።

ለዚህ ማረጋገጫ የሚሆን ሌላ ክስተት ከራሱ ከኡዝቤክኛ ይገኛል። «ኒ» የሚለጠፈው ተለይቶ በታወቀ ተሳቢ ላይ ነው። «ታላባ ኪቶብኒ ኦቂዲ» ማለት ተማሪው መጽሐፉን አነበበው ማለት ሲሆን፣ «ታላባ ኪቶብ ኦቂዲ» ግን ተማሪው መጽሐፍ አነበበ ማለት ነው። የአማርኛው «መጽሐፉን» እና «መጽሐፍ» ተመሳሳይ ልዩነት ያሳያሉ። ቅጥያውን የያዘው «ኪቶብኒ» በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ እንደ ልቡ መንቀሳቀስ ይችላል። ቅጥያ ያልያዘው «ኪቶብ» ግን ከግሱ ፊት ለፊት ተጣብቆ መቆም ይኖርበታል፤ ባለቤቱን ቀድሞ «ኪቶብ ታላባ ኦቂዲ» ቢባል ጤናማ ዓረፍተ ነገር አይሆንም። እንግዲህ ነጻ ቅደም ተከተል አለው የሚባለው ቋንቋም ምልክቱ በጠፋበት ቦታ እንደ እንግሊዝኛ ጥብቅ ይሆናል ማለት ነው። ነጻነቱ የሚመነጨው ከቅጥያው ነው።

ነጻ የወጣው ቦታ ምን ይሠራል?

የኡዝቤክኛ ቃላት ቦታ መለዋወጥ ትርጉም የለሽ ጌጥ አይደለም። በኡዝቤክኛ ከግሱ ወዲያውኑ በፊት ያለው ቦታ የትኩረት ቦታ ነው፤ ተናጋሪው ሊያስረግጥ የፈለገው ወይም ለሰሚው አዲስ የሆነው ነገር እዚያ ይውላል። ቀድሞ የታወቀው ነገር ደግሞ ወደ መጀመሪያው ይሄዳል። «ታላባ ሙአሊምኒ ኮርዲ» የሚለው «ተማሪው ምን አደረገ?» ወይም «ተማሪው ማንን አየ?» ለሚል ጠያቂ ይስማማል። «ሙአሊምኒ ታላባ ኮርዲ» የሚለው ግን «መምህሩን ማን አየው?» ለሚል ጠያቂ የተሰጠ መልስ ነው። ድርጊቱ አንድ ሆኖ ሳለ የሚመልሱት ጥያቄ ይለያያል።

የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህንኑ ለመናገር ቃላቱን እንዲሁ ማፈናቀል አይችልም፤ ቢያፈናቅል ድርጊቱን ይገለብጠዋል። ስለዚህ ሌሎች መሣሪያዎችን ይጠቀማል። አንደኛው ድምፅን በሚፈለገው ቃል ላይ ማጠንከር ነው። ሁለተኛው «ኢት ዎዝ ዘ ስቱደንት ሁ ሶው ዘ ቲቸር» እንደሚለው ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት መሰንጠቅ ነው። ሦስተኛው «ዘ ቲቸር ዎዝ ሲን ባይ ዘ ስቱደንት» እንደሚለው ግሱን ወደ ተደራጊ መለወጥ ነው። በዚህ ረገድ አማርኛ በሁለቱ መካከል ይቆማል፤ እንደ ኡዝቤክኛ «መምህሩን ተማሪው አየው» ማለት ቢችልም፣ እንደ እንግሊዝኛ «መምህሩን ያየው ተማሪው ነው» እያለ መሰንጠቅንም በሰፊው ይጠቀማል።

ገላጭና ተገላጭ

የግሱ ቦታ ብቻውን አይለወጥም፤ ሌሎች የዓረፍተ ነገር ክፍሎችም አብረውት ይሰለፋሉ። ጆሴፍ ግሪንበርግ እ.ኤ.አ. በ1963 ሠላሳ ቋንቋዎችን አነጻጽሮ ባሳተመው ጥናት፣ ግሳቸውን መጨረሻ የሚያውሉ ቋንቋዎች መስተዋድዳቸውንም በአብዛኛው ከስም በኋላ እንደሚያውሉ አመልክቷል። ኡዝቤክኛ ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። «ከትምህርት በኋላ» ለማለት «ዳርስዳን ኬይን» ይላል፤ «ዳርስ» ትምህርት፣ «ዳን» ከ፣ «ኬይን» በኋላ ነው። በእንግሊዝኛ «በኋላ» የሚለው ቃል ከስሙ ይቀድማል። አማርኛ ግን «ከ» የሚለውን ከፊት፣ «በኋላ» የሚለውን ከኋላ አድርጎ ስሙን ከሁለት ወገን ያቅፈዋል። ግሱን መጨረሻ እያዋለ «ለ»፣ «በ»፣ «ከ»ን ከስም ማስቀደሙም ከአጠቃላዩ አዝማሚያ ወጣ ከሚሉት ቋንቋዎች ተርታ ያሰልፈዋል።

ሰፊው ልዩነት የሚታየው ስምን በሚገልጽ ጥገኛ ሐረግ ላይ ነው። «ትናንት ከገበያ የመጣው ተማሪ» በኡዝቤክኛ «ኬቻ ቦዞርዳን ኬልጋን ታላባ» ይባላል፤ ቃል በቃል ትናንት – ገበያ-ከ – የመጣ – ተማሪ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ተማሪው ቀድሞ ይጠራና «ዘ ስቱደንት ሁ ኬም ፍሮም ዘ ማርኬት የስተርዴይ» ተብሎ ገለጻው ይከተላል። የእንግሊዝኛ ሰሚ ስለ ማን እንደሚነገር አስቀድሞ ያውቃል፤ የኡዝቤክኛና የአማርኛ ሰሚ ግን ገለጻውን በሙሉ ካዳመጠ በኋላ ነው ባለቤቱን የሚያገኘው። ገለጻው በረዘመ ቁጥር ተርጓሚው በአእምሮው ይዞት የሚቆየው ሸክም ይጨምራል።

ግስን ወደ ስም ለውጦ በሌላ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማስገባት ላይ ደግሞ ኡዝቤክኛና አማርኛ ከሁሉ በላይ ይቀራረባሉ። «መምጣቱን አውቃለሁ» የሚለው በኡዝቤክኛ «ኡኒንግ ኬሊሺኒ ቢላማን» ይሆናል። «ኬሊሽ» መምጣት፣ «ኢ» የእሱ፣ «ኒ» ን ነው፤ «ቢላማን» አውቃለሁ ማለት ነው። «መምጣት-ኡ-ን» በሚለው የአማርኛ ቃል ውስጥ ባለንብረት አመልካቹና ተሳቢ አመልካቹ የሚከተሉት ተራ ከኡዝቤክኛው ጋር አንድ ነው። እንግሊዝኛ ግን «አይ ኖው ዛት ሂ ዊል ከም» በማለት መጀመሪያ «አውቃለሁ» ብሎ፣ ከዚያ አገናኝ ቃል አስገብቶ፣ ሌላ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያስከትላል።

ጥያቄ፣ አሉታና ባለቤት

እንግሊዝኛ ጥያቄ ለማቅረብም ቦታን ይጠቀማል። «ዲድ ዘ ስቱደንት ሲ ዘ ቲቸር?» ሲል ረዳት ግስ ከባለቤቱ ቀድሞ ይወጣል። ኡዝቤክኛ ቅደም ተከተሉን ሳይነካ «ሚ» የተባለውን ቅጥያ በግሱ ጫፍ ላይ ይለጥፋል፦ «ታላባ ሙአሊምኒ ኮርዲሚ?» የአማርኛው «አየው ወይ?» በአሠራሩ ለዚህ የቀረበ ነው። መጠይቃዊ ቃላትም እንዲሁ ይለያያሉ። እንግሊዝኛ «ማን» የሚለውን ወደ ፊት ሲያወጣ፣ ኡዝቤክኛ መልሱ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ይተወዋል፦ «ታላባ ኪምኒ ኮርዲ?» ማለት ተማሪው ማንን አየ ማለት ነው።

አሉታ በእንግሊዝኛ ገና በዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ አካባቢ ከረዳት ግስ ጋር ይነገራል። በኡዝቤክኛ «ማ» የሚለው ምልክት በግሱ ውስጥ ይገባል፤ «ኮርዲ» አየ፣ «ኮርማዲ» አላየም ነው። ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚውል አዎንታና አሉታ የሚለዩት በመጨረሻው ቃል ይሆናል።

ባለቤትን በተመለከተ የኡዝቤክኛ ግስ እንደ አማርኛው አድራጊውን በራሱ ይናገራል። «ኦቂዲም» ብቻውን አነበብኩ ማለት ስለሆነ «እኔ» ማለት ግዴታ አይደለም። እንግሊዝኛ ግን የባለቤቱን ወንበር ባዶ መተው አይፈቅድም። ዝናብ ሲዘንብ እንኳ «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ» በማለት ማንንም የማይወክል ተውላጠ ስም ያስቀምጣል። ኡዝቤኩ «ዮምጊር ዮግያፕቲ» ይላል፤ ዝናብ እየዘነበ ነው እንደ ማለት ነው። በአንጻሩ አማርኛና ኡዝቤክኛ የሚለያዩበትም አለ። «እሱ ተማሪ ነው» ለማለት አማርኛ «ነው»ን፣ እንግሊዝኛ «ኢዝ»ን ሲሹ ኡዝቤክኛ «ኡ ታላባ» ብሎ ያለ ማሰሪያ ይጨርሳል፤ ለኃላፊ ጊዜ ግን «ኡ ታላባ ኤዲ» እያለ «ነበረ»ን ይጨምራል።

ቅደም ተከተል የማይለወጥ አይደለም

ከላይ የታዩት ባሕርያት ከቋንቋዎቹ ጋር ለዘለዓለም የተፈጠሩ አይደሉም። በዘጠነኛው ምዕተ ዓመት በንጉሥ አልፍሬድ ዘመን ይነገር የነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ ባለቤትንና ተሳቢን የሚለዩ መድረሻዎች ነበሩት፤ የቃላቱም ቅደም ተከተል ከዛሬው ይበልጥ ነጻ ነበር። መድረሻዎቹ በዘመናት ውስጥ እየተሸረሸሩ ሲሄዱ ባለቤት፣ ግስ፣ ተሳቢ የሚለው ሰልፍ እየጠበቀ መጣ። የዱሮው ሥርዓት ርዝራዥ ዛሬም «ሂ» እና «ሂም» በሚሉት ተውላጠ ስሞች ላይ ይታያል።

ኡዝቤክኛም ከጎረቤቱ ተምሯል። ከፋርስኛ የተዋሰው «ኪ» የተባለ አገናኝ «ቢላማንኪ፣ ኡ ኬላዲ» ለማለት ያስችላል፤ ትርጉሙ አውቃለሁ፣ እሱ እንደሚመጣ ማለት ነው። እዚህ ላይ ጥገኛው ሐረግ እንደ እንግሊዝኛ ከዋናው ግስ በኋላ መጥቷል። በአገራችንም ግዕዝ ግስን ማስቀደም የሚወድ ሲሆን አማርኛ ግሱን መጨረሻ ያደርጋል፤ ለዚህ ለውጥ የቋንቋ ሊቃውንት ዋነኛ ምክንያት አድርገው የሚጠቅሱት ከኩሻዊ ቋንቋዎች ጋር የነበረውን ረጅም ጉርብትና ነው። ቋንቋዎች ከጎረቤት የሚዋሱት ቃል ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ለመምህርና ለአስተርጓሚ ያለው ፋይዳ

ጉዳዩ ከንድፈ ሐሳብ አልፎ የሰውን ሕይወት እንደሚነካ ለማየት አንድ ሁኔታ ማሰብ ይበቃል። አንድ ኡዝቤክ በእንግሊዝኛ በሚካሄድ ችሎት ለምስክርነት ቀርቦ በአስተርጓሚ በኩል «ሜን ቡ ኦዳምኒ ኬቻ ቦዞርዳ ኮርማዲም» ይላል እንበል። እኔ ይህን ሰው ትናንት ገበያ ውስጥ አላየሁትም ማለት ነው። እንግሊዝኛው «አይ ዲድ ኖት ሲ» ብሎ መጀመር ሲኖርበት፣ ማየትም ሆነ አለማየት የሚታወቀው ምስክሩ የመጨረሻውን ቃል ሲናገር ነው። ቸኩሎ የጀመረ አስተርጓሚ ምስክሩ ያልተናገረውን ሊናገርበት ይችላል።

አሁን ደግሞ ምስክሩ «ሜን ቡ ኦዳምኒ ቦዞርዳ ኬቻ ኮርዲም» አለ እንበል። «ኬቻ» ከግሱ ፊት ስለቆመ ምስክሩ ያስረገጠው ቀኑን ነው፤ ያየሁት ትናንት ነው፣ በሌላ ቀን አይደለም ማለቱ ነው። አስተርጓሚው ቃላቱን በእንግሊዝኛ ተራ አሰልፎ፣ «ትናንት» የሚለውንም ድምፁን ሳያጠነክር ቢናገር ከድርጊቱ አንዳች አይጎድልም፤ የምስክሩ ማስረገጥ ግን ይጠፋል። ክርክሩ ስለ ቀኑ ከሆነ የጠፋው ዋናው ነገር ነው። መፍትሔው ኡዝቤክኛ በቦታ የሚሠራውን እንግሊዝኛ በሚሠራበት መሣሪያ፣ ማለትም በድምፅ ማጠንከር ወይም ዓረፍተ ነገሩን በመሰንጠቅ መተካት ነው። ተሳቢው ቀድሞ አድራጊው ከግሱ ፊት ሲውል ደግሞ ተደራጊ ግስ ይጠቅማል። «ሙአሊምኒ ታላባ ኮርዲ» የሚለው «ዘ ቲቸር ዎዝ ሲን ባይ ዘ ስቱደንት» ተብሎ ቢተረጎም የታወቀው መምህር ከፊት ይቆያል፤ አዲሱ ነገር ተማሪው ደግሞ እንግሊዝኛ አዲስ ነገር በሚያሳርፍበት በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ይውላል።

ለመምህሩም ትምህርት አለው። ኡዝቤኩ ተማሪ ግሱን መጨረሻ ላይ ቢያውል፣ «ኢዝ»ን ቢዘነጋ፣ ተውላጠ ስሙን ቢተው የስንፍና ምልክት አይደለም፤ የራሱን ቋንቋ ሕግ በታማኝነት መከተሉ ነው። «ግሱን ወደ መካከል አምጣው» የሚለው ምክር አንዱን ዓረፍተ ነገር ያርማል፤ ምክንያቱን ግን አያስረዳም። ተማሪው ሁለት ስሞች ብቻ ቦታ የተለዋወጡባቸውን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን አይቶ ድርጊቱ መገልበጡን ሲረዳ፣ በቋንቋው «ኒ» የሚሠራውን ሥራ በእንግሊዝኛ ወንበሩ እንደሚሠራው ይገነዘባል። ግሱ መጨረሻ የሚውልበት አማርኛ ተናጋሪም እንግሊዝኛ ሲማር የሚጠብቀው ትምህርት ይኸው ነው።

መደምደሚያ

እንግሊዝኛና ኡዝቤክኛ በአሰላለፍ ተቃራኒ ይመስላሉ፤ የሚሸከሙት ሐሳብ ግን አንድ ነው። ሁለቱም አድራጊን ከተደራጊ መለየት፣ የታወቀውን ካልታወቀው ማበላለጥ፣ መጠየቅና ማስተባበል ይኖርባቸዋል። ልዩነቱ ሥራውን ለማን እንዳከፋፈሉት ነው። እንግሊዝኛ አድራጊነትን ለቦታ ሰጥቶ ትኩረትን በድምፅና በሌሎች አወቃቀሮች ይገልጻል፤ ኡዝቤክኛ አድራጊነትን ለቅጥያ ሰጥቶ ትኩረትን በቦታ ይገልጻል። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተረጉምም ሆነ የሚያስተምር ሰው «ይህ ቃል የት ይቀመጥ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ይህ ቃል እዚህ የተቀመጠው ምን ለመሥራት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ከስህተት ይድናል።